አገጭ ላይ የማይድን ቁስል

የእህቷ በሽታ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ አልተናገረችም። ረስታ አይደለም፣ ተጠራጥራ አይደለም፣ ስልክ አጥታም አይደለም። አውቃ፣ አስባበት፣ ቀን ቆርጣለት ነው ዝም ያለችው። አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን። ሐሳቧስ ስምንት ወር ልትሞላው ነበር፤ አልሞላላትም እንጂ።

አሁን ረፋድ ነው። ለሌላው ሰው የሥራ ሰዓት፣ ለእሷ የመኝታ ሰዓት። ከአዳር ገብታ፣ ተጣጥባ ከተጋደመች ሦስተኛ ሰዓቷን ይዛለች፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን በአጠገቧም አላለፈ። መስኮቱ ላይ በምስማር የወጠረችው ብርድ ልብስ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ የምትገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ትሠራለች፣ ክቧም ቀስ እያለች ከቁም ሳጥኑ ወደ በሩ ትጓዛለች፣ በሩ ላይ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ተለጥፏል፣ በቀይ እስክርቢቶ የተሰረዙት ቀናት አሁንም አሉ፣ ቀድዳ ልትጥለው ስንት ጊዜ ተነስታ ስንት ጊዜ ተመልሳ ተኛች። ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሰው ወንበር ይጎትታል። መልኩን አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው ወንበሩን ብቻ ነው። ግርርር ያደርገዋል፣ ዝም ይላል፣ ልክ ዓይኗ ከደን ሲል እንደገና ግርርር። ይሄ ሰውዬ መቀመጫ ነው ያጣው ወይስ ማረፊያ ትላለች ለራሷ፤ ቀልዱ ግን አያስቃትም፣ ወንበር በተጎተተ ቁጥር ዘጠኝ ዓመቷ ነውና።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እታለም አሥራ አራት። ታላቅ እህቷን እታለም ነው የምትላት፤ እሷን ደግሞ ቤቱ በሙሉ ሚጣ ይላታል፣ አርባ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ ፀጉሯ መሸበት ጀምሮም ሚጣ ናት። እናታቸው ስኳሩን በቆርቆሮ አድርጋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ትደብቀዋለች። እታለም ባለሦስት እግሯን ወንበር አስጠግታ ቆማባታለች፣ ሚጣ ወንበሯን ግጥም አድርጋ ይዛለች፣ ስምምነታቸው እኩል ሊካፈሉ ነው፤ እታለም ግን እዚያው ላይ እንደቆመች አንድ እፍኝ ቃመች፣ ደገመች፣ ጣቷን ላሰች፣ «ቆይ፣ ይደርስሻል» አለች አፏን ሞልታ። ሚጣ ደሟ ፈላ። ወንበሯን ሳበቻት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ እጇ። እታለም በአገጯ የቁም ሳጥኑን ጠርዝ መትታ ወደቀች፤ ስኳርና ደም ወለሉ ላይ ተቀላቀለ። «ወንበሩ ከዳኝ» ነበር ለእናታቸው ያለችው፤ ማን እንደሳበው አላየችም። አባታቸው ወንበሯን ይዞ ወጥቶ በመጥረቢያ ፈለጣት። ጥፋተኛዋ ተገኘች፣ ተቀጣች፣ ማታ ተማገደች፣ ሚጣም ከእህቷ ጎን ተቀምጣ እሳቷን ሞቀች። የእታለም የታች የፊት ጥርስ ሁለት ሳምንት ስትወዛወዝ ከርማ ጸናች። ዳነች ተባለ። በዓመቱ ቢጫ፣ በሦስት ዓመቱ ግራጫ፣ በሠርጓ ጊዜ አመድማ። እታለም ስትስቅ የታች ከንፈሯን የምትሰበስበው ለዚያ ነው፤ በፎቶ ሁሉ ላይ ኩሩ የምትመስለውም ለዚያ ነው። ኩሩ አይደለችም፤ አንዲት የሞተች ጥርስ ነው የምትደብቀው።

«ሚጣ፣ ይሄን ብጉር እይልኝ እስቲ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሳ ልሆን ነው መሰል» ብላ ፎቶውን የላከችው ሚጣ ሥራ ላይ ሳለች ነው። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከየሆስፒታሉ የሚመጣ የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚታጠብበት፣ የሚቆጠርበት፣ በትሪ ተደርድሮ ታሽጎ በእንፋሎት ማሽን ከጀርም የሚጸዳበት። እያንዳንዱ ትሪ ዝርዝር አለው። አንዲት መቀስ ከጎደለች ትሪው አይዘጋም፤ ትሪው ካልተዘጋ መስመሩ ሁሉ ይቆማል፣ ሁሉም እጁን ከጠረጴዛው ያነሳል፣ የጎደለችው እስክትገኝ ማንም ከበሩ አይወጣም። እዚያ ሥራ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፈረቃ አለቃዋን በልቧ ፊሽካ ትላታለች፣ ድምጿ እንደ ፊሽካ ጆሮ ስለሚበሳ። አገሯ ሳለች ግን ሚጣ ዕቃ አጣቢ አልነበረችም። የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር እያላት። አብራው የምትሠራው ሽማግሌ ሐኪም ቁጡ፣ ነጭናጫ፣ ግን እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ አናጢ መጣ፤ አገጩ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚመግል ቁስል ይዞ። ቅባት ጨርሷል፣ መርፌ ጨርሷል፣ ካንሰር ነው ተብሎ ቤተሰቡን ተሰናብቷል። ሽማግሌው አፉን አስከፈተው፣ በቁስሉ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ በቀስታ ሰደደ፣ ራጅ አነሳው፤ ሽቦው ሄዶ ሄዶ የአንዲት ጥርስ ሥር ላይ ቆመ። «ጥርሴን እኮ አሞኝ አያውቅም» አለ አናጢው። «ሞታ ካለቀች በምን ታምሃለች? መግሉ ግን መውጫ ይፈልጋል፤ አጥንቱን በስቶ በአገጭህ ወጣ» አለው ሐኪሙ፤ ከዚያ ወደ ሚጣ ዞሮ፣ «አንቺ፣ ጆሮሽን ስጪኝ። ሐኪሙ ሁሉ ቆዳ ያያል፣ እጢ ይዳብሳል፣ አፍ ውስጥ የሚያይ የለም። አገጭ ላይ የማይድን ቁስል ካየሽ አፍ አስከፍቺ» አላት። ጥርሷ ተነቀለች። አናጢው በሁለት ሳምንቱ ድኖ፣ የሠራላቸውን መደርደሪያ ተሸክሞ መጣ።

ስለዚህ ፎቶውን ስታይ ሁሉንም አየች። መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ የተሳበ፣ ልክ ከዚያች አመድማ ጥርስ ትይዩ። ያቺን ጥርስ ደግሞ ከእሷ በላይ ማን ያውቃታል? የገደለቻት ራሷ ናት። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ተንሳፍፎ ቆየ። «ጥርስሽ ናት፣ አስነቅያት» ሦስት ቃል ነው። የጻፈችው ግን «አይዞሽ እታለም፣ ብጉር ነው። ቅባት ቢጤ ቀቢው፣ ይጠፋል» የሚል ነው። ላከችው። ጓንቷን አጠለቀች፣ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፣ እናም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ለምን? ወንበሩ ይጎተታል፣ ክቧ በሩ አጠገብ ደርሳለች። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር መልሱን ከነቀኑ ትሰጠው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አገር ቤት ስትደውል ስልኩን የእታለም ልጅ አነሳችው፣ አራት ዓመቷ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ለአያትሽ አቀብያት» አለቻት። «ሚጣ፣ አያቴ እኮ አፈር ውስጥ ናት። እማዬ ለሚጣ እንዳትነግሪ ብላኛለች። አትናገሪብኝ፣ እሺ?» ሚጣም የግድግዳውን ቀለም እያየች፣ «እሺ፣ አልናገርብሽም» አለቻት። ስምንት ወር። እናቷ ከተቀበረች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ በደወለች ቁጥር እታለም አንድ ነገር ታቀርባለች፤ «ተኝታለች»፣ «ጉሮሮዋን ይዟት ድምጿ አይወጣም»፣ «ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም»፣ አንድ ቀን ደግሞ፣ ሰበብ አልቆባት ይሆናል፣ «ዛሬስ ሆድ ብሷታል መሰለኝ፣ አላናግርም አለች»። ይህቺ ናት ሚጣን የገደለቻት። እናቴ ተቀየመችኝ አለች። አሥር ዓመት ሙሉ ወረቀቴ አልጨረስ ብሎኝ ስላልመጣሁ ተቀየመችኝ። ከዚያ በኋላ ከሥራ በገባች ቁጥር ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለእናቷ በእታለም ስልክ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ ይቅር በዪኝ እማዬ፣ ለቀብርሽ እንኳ ሳልደርስ እንዳልቀር እፈራለሁ፣ በዚያ ቀን ስልኩን የዘጋሁብሽ ተናድጄ ነው፣ ነጠላሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠፋችውን አንድ በአንድ፣ የስኳሩን ሳይቀር። እታለምም ትመልስላታለች። «ሰምታ ሳቀች።» «ሰምታ መረቀችሽ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ ብላሻለች።» ሚጣ በዚያ ምርቃት ስንት ሌሊት ሠራች! የሞተች ሴት ምርቃት። ንስሐዋን ስትናዘዝ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ የሚሰማ ሰው እንደነበረ ነው የተሰማት፤ ያ ሰው ደግሞ እህቷ።

«ብቻሽን ነሽ እዚያ፣ ማን ይይዝሻል ብዬ ነው» አለች እታለም እያለቀሰች፣ ሚጣ በዚያው ቀን ስታፋጥጣት። «መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ቤትሽ ድረስ መጥቶ የሚያረዳሽ ሰው ባፈላልግ ባፈላልግ አጣሁ። ዛሬ ነገ ስል ወሩ ነጎደ። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ሚጣዬ።» ለአንቺ ብዬ። ሚጣ በማግስቱ የሐዘን ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ አስተዳደር ቢሮ ሄደች። ከመስተዋቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ጨዋ ናት፣ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። ቅጹን ተቀበለች፣ ቁልፎቹን ነካካች፣ ቆመች። «እናትዎ ያረፉት ከስምንት ወር በፊት ነው። ፈቃዱ የሚወሰደው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው።» «እኔ የሰማሁት ትናንት ነው።» ጸሐፊዋ እንደገና አየች፣ ከልቧ ነው የፈለገችላት። «የሰሙበት ቀን የሚል ቦታ የለውም። የሞቱበት ቀን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ሲስተሙ አይቀበለኝም፣ አዝናለሁ።» እንግዲህ ሐዘኗም ጊዜው አልፎበታል። በዚያው ምሽት ገብታ መሣሪያ ስትቆጥር አደረች፣ አልተሳሳተችም፣ አላለቀሰችም፤ እታለምን ግን ጥርሷ ውስጥ አስገባቻት። ስምንት ወር ሰርቀሽኛል አለቻት፣ ስምንት ወር እሰርቅሻለሁ። ምን እንደምትሰርቃት አታውቅም ነበር። አፏ «ይሁን፣ አለፈ» አለ፣ ልቧ ቂሙን ቋጥሮ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ፎቶው መጣላት። የተሰጠኝ ነው አለች። ከሥራ ስትመለስ የቀን መቁጠሪያውን በሩ ላይ ለጠፈች።

በመጀመሪያው ወር እታለም የፋርማሲ ክኒን ዋጠች፣ ቁስሉ ደረቀ። «ዳንኩልሽ!» ብላ ደወለች። ሚጣ ታውቃለች፤ ክኒኑ መግሉን ያስተኛዋል እንጂ ጥርሷን አያስነሳትም። «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለች፣ ቀን ሰረዘች፣ ጠበቀች። በሁለት ሳምንቱ ፈነዳ። በሁለተኛው ወር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ ቆርጦ አወጣላት፣ ሰፋላት፤ ስፌቱ ሳይፈታ በስፌቱ መሃል መግል ወጣ። «ሐኪሙ ራሱ ደነገጠ፣ እኔ ላጽናናው ምንም አልቀረኝ» ትላለች እታለም እየሳቀች፣ ሚጣም አብራ ትስቃለች፣ ሳቁ ከየት እንደሚመጣላት እሷም አታውቅም። በሦስተኛው ወር ሳቁ ቀረ። «ቲቢ ነው አሉኝ። ቆዳ ላይ የሚወጣ። ስድስት ወር ክኒን።» «ውይ! ከየት አመጣሽው?» አለች ሚጣ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «እኔ ምን አውቄ! አይተላለፍም ብለዋል ሐኪሞቹ፣ ማን ሊሰማ። ብርጭቆዬን ለዩት። አማቴ በር ላይ ቆማ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን እያነሳች ነው ሰላም የምትለኝ፣ ግባ፣ ቁም፣ እለፍ። ልጄንም ራሴ ነኝ ያራቅኳት፤ ምን ይታወቃል ብዬ። ስትስመኝ ፊቴን አዞራለሁ። ትንሽ ልጅ ፊት ሲዞርባት ምን እንደምትሆን አይተሽ ታውቂያለሽ ሚጣ?» ሚጣ አላየችም። እሷ የምታውቀው እናት ፊቷን ስታዞር ነው፣ ያውም ያልዞረ ፊት። በልቧ፣ ቅመሽው አለች። አላናግርም ብላለች ብለሽኝ የለ? ቅመሽው። ስልኩን ዘግታ ቀይ እስክርቢቶዋን አነሳች። እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም፤ የሚያስፈራው ይህ ነው፣ ያኔ እንቅልፍ ነበራት።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ለመዝለል ብትገላበጥም አይዘለልም። አምስተኛው ወር ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም ትሪ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። የታች የፊት ጥርስ መንቀያ ጉጠት አነሳች፤ ጠባቧን፣ ምንቃሯ ወደ ታች የተቆለመመውን። እጇ አልረሳትም። ያቺን ጥርስ ይዞ ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ፤ የሦስት ደቂቃ ሥራ ናት። ሦስት ደቂቃ! በእጇ ይዛ ታየዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ የስንት ሰው ፍርሃት፣ የስንት ወር ክኒን፣ አንዲት መዳፍ የምታህል ብረት። «አንቺ! ታሽጊዋለሽ ወይስ ታገቢዋለሽ?» አለች ፊሽካ፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ ሚጣ ተደናግጣ ሥራዋን ቀጠለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስመሩ ቆመ። አንድ ይጎድላል። ሁሉም እጁን አነሳ። ጠረጴዛ ሥር ታየ፣ ቆሻሻው ተገለበጠ፣ ማጠቢያው ተፈታ። ፊሽካ መሃል ቆማ ጮኸች፤ «የጎደለው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አሁኑኑ ይናገር! እዚያ ማዶ በሽተኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል!» ሚጣም እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ስትከት ጉጠቷን አገኘቻት። መቼ እንደከተተቻት አታስታውስም። አወጣቻት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት፣ «እኔ ጋ ነው» አለች። ለብረት ተናገረች። ለእህቷ አልተናገረችም። ቤት ገብታ ያንንም ቀን ሰረዘችው።

በአምስት ወር ከአሥራ አንደኛው ቀን፣ የእረፍት ቀኗ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ልጅቷ አነሳችው። «እማዬ ተኝታለች።» ያቺ ቃል ናት፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ስልክ። «በቀን?» «ሁልጊዜ ነው የምትተኛው። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። የበላችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ለሚጣ እንዳትነግሪ ብላኛለች፤ ብቻዋን ነው ያለችው፣ ትደነግጣለች ብላለች።» ልጅቷ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ሚጣ፣ እማዬም አፈር ውስጥ ልትገባ ነው?»

እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። ለእታለም ባል ደወለች፤ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው፤ የሚደውሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም፣ ደግማ ደወለች፣ አይችሉም፣ ደገመች፣ ተሟገተች ከማሽን ድምፅ ጋር፣ ክፍሏ ውስጥ ከበሩ እስከ መስኮቱ አምስት እርምጃ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችው እግዜር ይቁጠረው። አሥራ ስምንተኛው ላይ አነሳ። «አቤት ሚጣ፣ ምነው በደህና?» «ክኒኑን አቁሙ! አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነው ክኒኑ ጉበቷን እየጎዳው ነው፣ ንገራቸው። ከዚያ ጥርስ ሐኪም። አፏን አስከፍቱ፣ የታች የፊት ጥርሷን ራጅ አስነሱ።» «ኧረ እሷ ጥርሷን አያማትም እኮ።» «አያማትማ! የሞተ ጥርስ አያምም!» ጮኸች፣ የላይኛው ሰውዬ እንኳ ወንበሩን አቆመ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ ሲያስይዝ ይሰማታል። «አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?» እዚህ ላይ ነው። እዚህች ላይ መናገር ትችል ነበር። «እዚህ... አንድ ሐኪም አለ፣ ዛሬ ፎቶውን አሳይቼው» አለች። ዛሬ።

እታለም ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሰው አትለይም ነበር፤ ይህንንም ለሚጣ የነገራት የለም፣ ኋላ ነው ከልጅቷ የሰማችው። ራጁ ተነሳ፤ የጥርሷ ሥር ላይ ባቄላ የምታህል ጥቁር ከረጢት፣ ከእሷ እስከ አገጯ የተቦረቦረ መንገድ። ጥርሷ ተነቀለች። ሦስት ደቂቃ። ቁስሉ በአሥራ ሁለት ቀን ገጠመ፣ አልተመለሰም።

ስልኩ አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሕልም አይደለም፣ አሁን ነው፤ ክቧ የቀን መቁጠሪያው ላይ ወጥታለች። ታነሳዋለች። የእታለም ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ አገጯ ላይ እንደ ስርጉድ የገባች ጠባሳ፣ አፏ መሃል ክፍት ቦታ። ትስቃለች። የታች ከንፈሯን ሳትሰበስብ፣ ድዷ እስኪታይ። ሚጣ ይህን ሳቅ ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ አላየችውም፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ የስኳር እፍኝ ይታያታል።

«ቀሰቀስኩሽ አይደል? ጥርስ ስለሌለኝ ሳቅ እንኳ አያምርብኝም አይደል? ባሌማ አሮጊት አገባሁ እያለ ሊያስተክልልኝ ነው።»

«ያምርብሻል፣ እታለም።»

«ሠፈሩ በሙሉ ስላንቺ ነው የሚያወራው። ያን ሁሉ ሐኪም ያላየውን እህቴ ከባሕር ማዶ በስልክ አየችው እላቸዋለሁ። አማቴ ራሷ፣ ያቺ ትራፊክ፣ ይህቺ ልጅ ትባረክ ብላ እጄን ሳመችኝ። ልጄ ደግሞ ትናንት እቅፌ ውስጥ አደረች። ስትሸሸኝ ቆይታ ነበር፤ ልመናው በዝቶ ነው የመጣችው።» ድምጿ ወረደ። «ሚጣዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አታቋርጪኝ። የእማማን የደበቅኩሽን... ሆስፒታል ተኝቼ፣ ልጄን ለሚጣ አትንገሪ ስላት ገባኝ። ለአንቺ ብዬ አልነበረም። ስታለቅሺ መስማት ፈርቼ ነው። ለራሴ ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ሚጣ። ቃሉ ወጣ፣ ደግሞ እውነት ነበር። ይሄኔ ነው፣ አለች በልቧ፣ አሁን ነው።

«አንቺ እኮ ከእኔ ምንም ደብቀሽ አታውቂም» አለች እታለም። «ያቺን ወንበር እንኳ። ለእማማ በላክሽው ድምፅ ሰማሁት፤ ወንበሩን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ስኳሩን ስላልሰጠችኝ ነው ስትዪ። ውይ! ሥቄ ሥቄ ነው ያለቀስኩት። ምስኪን አባባ፣ ያንን ወንበር! እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ስወጣ እግሩን አያለሁ። ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ጥፋቱም የኔ ነበር፣ ሁለት እፍኝ ቅሜያለሁ።»

ሚጣ አፏን ከፈተች። እታለም፣ አለች። ከላይ ወንበሩ ተጎተተ።

«ወዬ?»

«ምንም። እንቅልፌ መጣ።»

«ተኚ፣ ተኚ የኔ ጌታ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ።»

ስክሪኑ ጠቆረ። ሚጣ ተነሳች፣ የቀን መቁጠሪያውን ከበሩ ላይ ቀደደችው፣ አጣጠፈችው፣ የምትጥልበት አጥታ ትራሷ ሥር ከተተችው። ብነግራት ትጎዳለች ትላለች፤ ገና ማገገሟ ነው፣ ጉበቷም አልጠነከረ፣ ደግሞ በስልክ እንዴት ይነገራል፣ ለእሷ ብዬ ነው። ይህን ስትል የማንን ቃል እየደገመች እንደሆነ ይሰማታል። አሁን ለወንበሩ ይቅርታ አግኝታለች፤ ላልጠየቀችው፣ በጣም ትንሿ ለሆነችው። ለአምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀኑ ግን እህቷን አልጠየቀቻትም፣ ነገም የምትጠይቃት አይመስላትም። እናንተ ሁሉንም ሰምታችኋል። ይቅር በሏት።